የዒድ ስጦታዬ ያጠፋው መንገድ

ልጃችን አዲስ አበባ ስትማር የለመደችውን ጨዋታ ክረምት ላይ ይዛልን መጣች። እሷ ተመለሰች፣ ጨዋታው ዲላ ቀረ። ነገሩ ቀላል ነው፤ አንዱ ተረት ያወራል፣ ሌሎቹ የተረቱን ሰዎች ይሆናሉ፣ ያሰቡት ይሳካ አይሳካ ደግሞ ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ይወስናል። አውሪው እኔ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ቦርጭ፣ እሁድ ከሰዓት ሳሎኔ ቁጭ ብዬ እንደ ዘንዶ አገሳለሁ። ጎረቤት መጀመሪያ የታመምኩ መስሎት ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር።

ተጫዋቾቹ ሁለት ናቸው። አንዷ ባለቤቴ ናት፤ በተረቱ ውስጥ መንገድ መሪ ነች፣ ጫካውንም ወንዙንም፣ ማን የት እንደሚኖርም የምታውቅ። ሌላው ዲላና ቡሌ መሃል በአይሱዙ ጭነት የሚያመላልስ ጓደኛችን ነው። መካ ገና ባይሄድም "ሐጂ" እንለዋለን። እሱ አስማተኛ ነው።

ጥፋቴ የመጣው በዒድ ነው። ሐጂ ቤቱ ጠርቶን፣ ለእኛ ተብሎ ሳምቡሳው በምስር ተሠርቶ፣ እንደ ጉድ በላሁ። እኔ ሆዴ ሲሞላ ልቤም ይሰፋል። "በል ለአስማተኛህ የዒድ ስጦታ!" ብዬ ዝላይ ሰጠሁት፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጓደኛውንም ይዞ፣ ያሰበበት ቦታ ዱብ ማለት።

በሚቀጥለው እሁድ ትልቅ ጉዞ አሰናድቼ ጠበቅኳቸው። ገደል አለ፣ የሚወዛወዝ ድልድይ አለ፣ ከድልድዩ ሥር ጅብ አለ።

"ዘለልኩ" አለ ሐጂ።

ደረሱ፣ አለቀ። ሻዩ እንኳን አልቀዘቀዘም።

ባለቤቴ ዳይሱን አስቀመጠችና አየችኝ። "እኔ መንገድ መሪ ነኝ አይደል?"

"ነሽ እንጂ።"

"ታዲያ መንገዱ የታለ?"

ሰፌዷን አንስታ፣ ወንበሯን ወደ በሩ ወስዳ ምስር መልቀም ጀመረች። "እናንተ ዝለሉ፤ እኔ ሥራዬን ልሥራ። ከእንግዲህ በዚህ ጨዋታ የለሁበትም።"

ሳቅኩ፣ ግን ደነገጥኩ። ልጃችን ከሄደች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል፤ ባለቤቴ ከልቧ ስትስቅ የምሰማው እሁድ እሁድ በዚህ ጨዋታ ብቻ ነበር። እሷ ከወጣች ጨዋታውም የለ፣ ሳቁም የለ። ዝላዩን ልንሳው? የዒድ ስጦታ እንዴት ይነሳል?

ብልሃት ሞከርኩ። "ሐጂ፣ ለካ ዝላይ ነዳጅ ይፈልጋል።"

"አንተ ሰው! የነዳጅ ወረፋ ተረት ውስጥም አመጣህብኝ?"

"እሺ፣ አንዳንዴ ይስትና ጭቃ ውስጥ ይጥልሃል።"

"ጭቃ ውስጥ አይደል እንዴ የምውለው! ወንድሜ፣ ሳምንቱን ሙሉ ከመንገድ ጋር ስታገል ከርሜ፣ እሁድ ደግሞ በእግሬ ልታስኬደኝ ነው?"

እውነቱን ነው። ሲቀመጥም ሲነሳም ወገቡን የሚይዝ ሰው ነው። ከበሩ በኩል ምስሩ ሲንሿሿ ይሰማል።

መላው የተገኘው ቡሌ ነው። የአንድ ወዳጃችን አባት አርፈው፣ ለቅሶ ልንደርስ በሐጂ አይሱዙ ስንወጣ መኪናውን ዳገት ላይ ጭቃ ያዘው።

"ሂድ አካፋ ለምነህ አምጣ" አለኝ ሐጂ።

ከእንሰቱ መሃል ቤት አየሁ። የአጥሩን በር ገፍቼ ዘው! ውሻ! በሕይወቴ የዘለልኩት እውነተኛ ዝላይ ያን ጊዜ ነው፤ አጥሩን እንዴት እንዳለፍኩት ቦርጬም አያውቅም።

ሐጂ በሳቅ ፈረሰ። "የሰው ቤት እንዲህ ይገባል? አፍ የለህም? አትጣራም?" ከአጥሩ ውጭ ቆመና፣ እኛ "ቤቶች!" እንደምንለው፣ በጌዴኦኛ ተጣራ። ከውስጥ የሴት ድምፅ መለሰ። አወቀችው። ለካ አንድ ጊዜ ዝናብ ላይ ከነሸክሟ አሳፍሯት ኖሯል። ውሻው ታሰረ፣ ባሏ አካፋውን ይዞ ወጣ፣ መኪናውም ወጣ። እኔ ጭቃዬን እያራገፍኩ ስለ ዝላይ አስብ ነበር።

እሁድ፣ ባለቤቴ አሁንም በሩ ጋ ምስር እየለቀመች፣ አዲሱን ሕግ አወጅኩ። "ሐጂ፣ ዝላይህ ያንተ ነው። ነዳጅ የለ፣ ጭቃ የለ። ግን የሚያደርስህ ደጅ ድረስ ነው። እዚያ ቆመህ 'ቤቶች!' ትላለህ። የሚያውቅህ ሰው 'ደጆች!' ካለህ ገባህ። ማንም ካልመለሰልህ ወደ ተነሳህበት ትመለሳለህ።"

"ይቺ ናት?" አለና ቀጥታ የዚያን ቀኑ ጉዞ መድረሻ ወደሆነው የዘንዶው ግንብ ደጅ ዘለለ። "ቤቶች!"

ዝም አልኩ።

"ቤቶች! ኧረ ሰው የለም እንዴ?"

"ሰውማ ሞልቷል። አንተን አያውቁህም እንጂ።"

አገጩን አሻሸ። ተቀየመ ብዬ ፈራሁ። "እሱስ እውነት ነው፤ ረግጬው በማላውቀው አገር ማን ያውቀኛል?" አለና ወደ በሩ ዞረ። "እህቴ፣ እዚያ ግንብ አካባቢ የምታውቂው ሰው ይኖራል?"

የምስሩ ድምፅ ቆመ።

"ግንቡ ውስጥ የለኝም" አለች ባለቤቴ ቀና ሳትል። "ከወንዙ ማዶ ግን ለዘንዶው እንጨት የምታቀርብ ሴትዮ አለች። መጀመሪያ እሷ ጋ ነው የሚኬደው።"

እንደዚያ ያለች ሴትዮ ጨርሶ አስቤ አላውቅም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግን አለች።

"በእግር?" አለ ሐጂ።

"በእግር። አንዴ ካወቀችህ በኋላ እንደፈለግክ ዝለል።"

"ወይ ወገቤ! በይ ምሪና።"

ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። ሰፌዱን ጭኔ ላይ አስቀመጠችና ዳይሱን አነሳች። "አንተ እያወራህ ልቀም። ጠጠሩን ደህና አድርገህ እይ።"

ወንዙን ሞላሁት፣ ድልድዩን አወዛወዝኩት፣ ጅቡን ከሥሩ አስነሳሁት። የጅቡን ድምፅ ሳወጣ ምስሩ ከሰፌዱ ተፈናጠረ፤ ባለቤቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ራት ላይ በየጉርሻው ጠጠር ነከስን። ማንም አልተቆጣኝም።