ሁልጊዜ ክፍት

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሃምሳን ያለፈ ነው። መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኩን ከትርፍ ባትሪ ጋር በላስቲክ ጠፍሮታል። ማተቡ ላይ አሮጌ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። መንገዱን ሙሉ ሲያማ የሄደው ሰውን ሳይሆን ሶፍትዌርን ነው።

«ይኼ መተግበሪያ ባለጌ ነው» አለኝ። «ገና ደጅ ላይ ቆሜ ስምህ፣ ስልክህ፣ የይለፍ ቃልህ ይለኛል። እንግዳ መጀመሪያ ቁጭ በል ነው የሚባለው!»

ማስታወቂያ የሚደቅንበትን ድረ ገጽ ውኃ እንኳ ሳያቀርብ ዕቃ ግዛኝ ከሚል ዘመድ ቆጠረው። ቴሌግራምን ግን ይወዳታል፤ «ኔትወርክ ቢጠፋም መልእክቴን ይዛ ትጠብቀኛለች፤ ጨዋ ናት» አለ።

ከፊታችን የተቀመጡት ባልቴት ዞር አሉ። «አንተ ሰው፣ ሁሉን አማኸው! ከዚህች ሌላ ደኅና የለም?»

«አለ እንጂ፣ እማማ!» ብሎ ስልኩ ላይ ካርታ ከፍቶ አሳያቸው። «የእማማ አንጓች ቤት። ሁልጊዜ ክፍት» ይላል። አምስት ኮከብ አለው፤ የሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«የእናቴ ቤት ነው። ኮከቡን የሰጠሁትም እኔው ነኝ» አለና ሳቀ።

ሞጣ ሳንደርስ፣ ባሕር ዛፍ ከከበባት አንዲት የቆርቆሮ ቤት ፊት «ወራጅ አለ!» አለ። ረዳቱ ሻንጣውን ከላይ እስኪያወርድ በመስኮት አየሁት። በሩ ላይ ትልቅ ጓጉንቸር ነበር። አቧራውን በእጅጌው ጠረገና በአንገቱ ቁልፍ ከፈተው። በሩን ወለል አድርጎ ወደ እኛ ዞረ።

«ቤት ለእንግዳ! ግቡ እንጂ!»

ሾፌሩ ትንሽ አመነታ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋ።