በእኔ ኢቃማ የተኛችው ሴት

«ይህች ሴት ብትሞት በወረቀት የምትሞቺው አንቺ ነሽ! ገባሽ?»

እንዲህ ያለችኝ አንዲት ሱዳናዊት ነርስ ናት፤ ጣቷን ዐይኔ ሥር ቀስራ። ነገሩ የሆነው አምና፣ ረመዳን ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ጂዛን ውስጥ፣ በየመን ድንበር ካለው ከጡዋል ኬላ ብዙ በማይርቅ ከተማ ነው። የሆስፒታሉን ስም ልተወው። እዚያው የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ያደረግሁበት ጎኔ በሳከከኝ ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኛል።

እኔ የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው፣ አለኝ። እዚህ ድንበር አካባቢ ደግሞ ኢቃማ ያለው ሐበሻ ካርዱ የእሱ ብቻ አይደለም። አንዱን ትኩሳት ሲይዘው፣ የሌላው ጥርስ ሲያብጥ፣ ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የእኔ ከዚያ በፊት ሁለት ሴቶች አሳክሟል። ኒቃብ የለበሰችን ሴት ማን ገልጦ ያያል? ወረቀት የሌለው ሰው ሐኪም ቤት ከሄደ ከአልጋው አንስተው ወደ አገሩ ይጭኑታል ብለን ነው የምናምነው። ጠይቆ ያረጋገጠ ግን የለም።

ያን ቀን ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ሰይድ ደወለልኝ። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፤ አል-ኹባ አጠገብ የአንድ ሰውዬ ፍየሎች ይጠብቃል። ሚስቱ ዘሀራ በየመን በኩል በእግሯ የገባች ናት። ስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

«ራህመት እህቴ፣ ደም እየፈሰሳት ነው። በአላህ፣ ኢቃማሽን!»

አሠሪዬ መዳም ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች። ቤቱን ቆልፌ ወጣሁ። አንድ የመናዊ በሃይሉክስ ይዟቸው መጣ። ዘሀራ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድማለች፤ ከሥሯ ያነጠፉት ፎጣ ርሷል።

መንገዱን ሙሉ ስሜን አስጠናኋት።

«ማን ነሽ?»

«ራህመት አሊ።»

«ዕድሜሽስ?»

«የራሴንም አላውቀው፣ ያንቺን በምን ልያዘው?» አለች። እየተንቀጠቀጠች ሳቀች።

«ሃያ አራት በያቸው። ኸላስ፣ ሌላ አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ።»

በሩ ላይ ካርዴን ሰጠሁ። የእኔ ፋይል ተከፈተ። ዘሀራን በአልጋ እየገፉ አስገቧት። እኔ «እህቷ ነኝ» ብዬ ከሰይድ ጋር ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። ሐኪሙ ብቅ ብሎ፣ ልጁ አሁኑኑ በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት፣ እናትየውም ደም ያስፈልጋታል አለን።

ከዚያ ሱዳናዊቷ ነርስ መጣች።

«ላቦራቶሪው ደም አልሰጥም አለ። ፋይሏ ላይ የደም ዓይነቷ ኤ ይላል፤ ከእሷ የቀዳነው ግን ኦ ነው። ደግመን ቀዳን፣ አሁንም ኦ! ፋይሉ ትርፍ አንጀቷ ወጥቷል ይላል፤ ሆዷ ላይ ግን ምንም የለም። ጠባሳው የት ሄደ?»

የካርዱን ፎቶ አየችና ወደ እኔ ዞረች። ያንን የሞት ነገር የተናገረችኝ ያኔ ነው።

ሰይድ ክንዴን ጨመደደው። በአማርኛ፣ በሹክሹክታ፣ «እንዳትናገሪ! ሹርጣ ይጠራሉ፣ ፖሊስ ይመጣል፤ ሦስታችንም አለቀልን። መሣሪያው ተሳስቷል በያት» አለኝ።

አልዋሽም፣ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። አሻራዬን ወስደው፣ ሁለተኛ እንዳትመጪ ብለው አውሮፕላን ላይ ሲጭኑኝ ታየኝ። እዚህ አገር ከዚያች ካርድ በስተቀር ምን አለኝ?

የክፍሉ በር ሲከፈት የዘሀራ እግር ታየኝ። ከሳምንት በፊት ሂና የቀባኋት እኔ ነኝ። ሂናው እንዳለ ነው፤ እግሯ ግን አመድ መስሏል።

«ልቀቀኝ! የምትሞተው ያንተ ሚስት ናት!» ብዬ ሰይድን ገፈተርኩት። አባያዬን ከፈትኩና ከውስጥ የለበስኩትን ቲሸርት ሰበሰብኩ፤ ወንድ በሞላው ኮሪደር መሀል።

«ጠባሳው ይኸው። ካርዱ የእኔ ነው። እሷ ዘሀራ ናት፣ ወረቀት የላትም። ደሙን ስጧት!»

ነርሷ ጎኔን አየች፣ ፊቴን አየች።

«ያ አላህ! ይህንኑ በሩ ላይ ብትነግሩን ምን ነበረበት? ነፍሷ ልትወጣ ላለች ሴት ወረቀት እንጠይቃለን? ስሟን ባናውቅ እንኳ ፋይል እንከፍትላታለን! ጊዜዋን በላችሁባት!»

እየተሳደበች ሮጠች። ወዲያው የደም ከረጢት ይዘው ሲገቡ አየሁ። ሰይድ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። እኔን ማየት አልፈለገም።

የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ካለፈ በኋላ ከውስጥ የሕፃን ለቅሶ ሰማን። ነርሷ ወጣች፤ ንዴቷ አልበረደላትም።

«ሴት ናት። እናትየውም ትተነፍሳለች» አለችና ተመለሰች።

ቀጥሎ ከማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል አንዲት ሳዑዲያዊት መጣች። ካርዴ እጇ ላይ ነው። ለሕፃኗ ወረቀት የዘሀራንና የሰይድን ስም፣ አገራቸውን፣ ቀበሌያቸውን እያስደገመች ጻፈች። ሰይድ ላቡ ጠብ እያለ መለሰላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ይህ እዚህ ይቆያል። ነገ ከከፊልሽ ጋር መጥተሽ ትወስጃለሽ። የሚለውን እሱ ይበል።»

ከፊሌ፣ በስሙ ያስመጣኝ አሠሪ ማለት ነው፣ የመዳም ባል ነው። የሰጠችኝ ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን አሳረፍኩ።

ከመውጣቴ በፊት ዘሀራን እንዳይ ፈቀዱልኝ። ከንፈሯ ደርቋል።

«ራህመት፣ አሁን ማን ነኝ ልበላቸው?»

«ዘሀራ።»

«ዕድሜዬስ?»

«እሱን አላውቅልሽም። አብሽሪ፣ ተኚ።»

ወደ ውጭ ወጣሁ። ውጭ ሲጠብቀን የነበረው የመናዊ በሩ ላይ ሹርጣ የሚል ቃል ሲሰማ መኪናውን አስነስቶ ሄዷል። ወደ ቤት በሚወስደው አስፋልት ላይ የፍተሻ ኬላ አለ፤ ሁልጊዜ ካርዴን በመስኮት አሳይቼ የማልፈው። ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል። አባያዬን ሰብስቤ፣ አስፋልቱን ትቼ ከጎኑ ያለው የማሽላ ማሳ ውስጥ ገባሁ።