ጉንቮር ያሰረችው ሪባን

እህቴ ጉንቮር ሥራዋ ምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቃት «ጅረት ውስጥ እንበረከካለሁ» ትል ነበር። በወረቀት ላይ የአካባቢ ጥናት አማካሪ ነበረች። ደን የሚቆርጡ ኩባንያዎች ይቀጥሯት ነበር፤ እሷም ከጅረቱ ዳር ስንት ሜትር ዛፍ ሳይነካ መቅረት እንዳለበት ጽፋ ትሰጣቸው ነበር። ከዚያ በወሰኑ ላይ ሪባን ይታሰራል። የመቁረጫው ማሽን ሹፌር ወረቀት አያነብም፤ የሚያየው ሪባኑን ነው። እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ መኪናዋን እነዳላት፣ ዕቃዋን እሸከምላት ነበር።

የኢልበከን ጅረት ጉዳይ የመጣው የበርች ዛፍ ቅጠል ቢጫ መሆን ሲጀምር ነው። እዚያ የዕንቁ ዛጎል የሚባሉ፣ በቅርፊት ውስጥ የሚኖሩ የውሃ እንስሳት አሉ፤ አንዳንዶቹ በዕድሜ ከአያታችን ይበልጣሉ። ጥላ የሚሰጣቸው ዛፍ ከተቆረጠ ውሃው ይሞቃል፤ ጭቃ ይገባና ይታፈናሉ። ከእሷ በፊት የመጣ አማካሪ ግን መስታወት በተገጠመለት ቱቦ ውሃውን ከላይ አይቶ፣ «ያረጁ ብቻ ናቸው፤ ልጅ አላፈሩም፤ አምስት ሜትር ይበቃል» ብሎ ጽፏል። የኩባንያው የደን ኃላፊ ስቴላን የፈለገው ጉንቮር ይህንኑ እንድታጸድቅለት ነበር።

የዛጎል ልጆች የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዓመታት የሚያሳልፉት ጠጠር ውስጥ ተቀብረው ነው። ከላይ የሚያይ ሰው አያገኛቸውም። ጉንቮር ሁለት ቀን ሙሉ ተንበርክካ ጠጠሩን በወንፊት ነፋች። በሁለተኛው ቀን የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል አንዲት ዛጎል አገኘች፤ ከዚያ ስድስት ሌሎች። ዛጎሎቹ ገና እየተራቡ ነው ማለት ነው። ማንንም ሳታስፈቅድ ሠላሳ ሜትር ላይ ሪባን አሰረች።

በማግስቱ ጠዋት ስቴላን ከማሽኑ ጋር ደረሰ።

«ይሄ ምንድን ነው? አምስት ነው ያልነው እኮ!»

«አንተ ነህ ያልከው።»

«ማነው እሰሪ ያለሽ?»

«ና ግባ፣ ላሳይህ።»

«ቦቲዬ አጭር ነው።»

«እግርህ ቢረጥብ አትሞትም። ና!»

ገባ። «ሰባት ልጆች አግኝቻለሁ» ብላ መዳፉ ላይ አንዷን አስቀመጠችለት። ተመለከታትና፣ «በቃ፣ ሰባት?» አለ።

«ጠረጴዛ ከምታህል ከዚህች ቦታ ብቻ ሰባት። ሌላውን አንተ ንፋ።»

ስቴላን ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ወንድሟ፣ ምከራት እንጂ!»

«እናታችን ሞክራ አቅቷታል» አልኩት።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሪባኑን ፍቺው፣ ጉንቮር። ካልፈታሽ ከእኛ ዘንድ ሥራ የለሽም።»

«በገዛ እጅህ ፍታው። የፈታውን ሰው ስም ሪፖርቱ ላይ አሰፍራለሁ፤ ግልባጩም ለመንግሥት የደን ቢሮ ይሄዳል።»

የማሽኑ ሹፌር ዮርማ ከጋቢናው አንገቱን አወጣ። «እናንተ ሰዎች፣ ናፍጣ እየጨረስኩ ነው! ወሰኑ የቱ ጋ ነው?»

ስቴላን ዛጎሏን ለጉንቮር መለሰላት። እሷ ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም።

«ሪባኑ ጋ» አለ በመጨረሻ።

ዛፎቹ ዛሬም አሉ። ኩባንያው ግን ቃሉን ጠበቀ፤ ዳግመኛ አልቀጠራትም። እሷም እስከ ሞተችበት ዓመት ድረስ ለዓሣ አጥማጆች ማኅበርና ለገበሬዎች ትንንሽ ሥራ ሠራች። አንዴ ብቻ ስቴላን ደውሎ፣ ሌላ ጅረት እንዳለና ትንሽ ለስለስ ካለች ሥራው የእሷ እንደሚሆን ነገራት።

«እመጣለሁ» አለችው። «የምጽፈው ግን ያየሁትን ነው።»

መልሶ አልደወለም። እሷም አልደወለችም።