ለአባቴ የተረፈችው ቃል

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። አባቴ ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ እያመጣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ይሸጥ ነበር፤ አቤት ወሬው! አንድ ዓሣ ልትገዛ የመጣች ሴት ሁለት ይዛ እየሳቀች ነበር የምትሄደው። አንድ ጠዋት እዚያው ዓሣው ላይ ወደቀ። ሐኪሙ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል አለን። የምንለውን ሁሉ ይረዳል፤ መናገሪያው ግን ተጎድቷል፣ ቀኝ እጁም አልታዘዝ ብሎታል። ከዚያ ሁሉ ወሬ የተረፈችው አንዲት ቃል ናት፦ «አይሆንም»።

ውሃ ሲጠማው «አይሆንም»፤ ሲስቅም፣ ሲመርቀንም «አይሆንም»። እኛ ለመድነው። ድምፁን ሰምተን የፈለገውን እናውቃለን።

ጉዱ የመጣው ገረሴ ከሚባለው የደጋ አገር የሆነ ልጅ እኔን ለማግባት ሽማግሌ ሲልክ ነው። ልጁን እወደው ነበር፤ ምን ያሳፍረኛል፣ እወደው ነበር። በእነሱ ወግ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሳር ይዘው መጥተው አባት እግር ሥር ያኖራሉ። አባት ሳሩን አንስቶ «ሰጥቻለሁ» ይላል፤ ዝም ብሎ ቢያነሳውም መስጠቱ ነው። ካላነሳው ጋብቻ የለም።

እናቴ «መታመሙን አስቀድመን እንንገራቸው» አለች። እኔ እምቢ አልኩ። ከበሽተኛ ቤት ልጅ አንወስድም ይላሉ ብዬ ፈራሁ። ልጁንም የአባቴን ሕመም እንዳይነግራቸው አስማልኩት። አባቴን «አባዬ፣ ሳሩን ብቻ አንሳልኝ፣ አፍህን ዝጋልኝ» ብዬ ለመንኩት። በግራ እጁ ጉንጬን ዳሰሰኝ።

መጡ፤ ሳሩን አኖሩ። እኔ ከጓዳው በር ሆኜ አያለሁ። አባቴ ቃሏ እንዳታመልጠው በደኅናው እጁ አፉን ጥርቅም አድርጎ ያዘ። ያለው ደኅና እጅ ግን እሱ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ጠበቁ፣ ጠበቁ። በመጨረሻ አፉን ለቀቀና ጎንበስ ብሎ ሳሩን አነሳ።

«አይሆንም!» አለ። እንባው ወረደ። «አይሆንም፣ አይሆንም!»

እናቴ «ኧረ በፈጠራችሁ፣ ታሞ ነው፣ ሰጥቻለሁ ማለቱ ነው» ብላ እግራቸው ላይ ወደቀች። ትልቁ ሽማግሌ ተነሳ።

«እህቴ፣ አባት በአፉ የከለከላትን መውሰድ ጎሜ ነው፣ የአባቶችን ሕግ መጣስ ነው። መዘዙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል» አለ።

ሄዱ። ልጁም በዓመቱ ሌላ አገባ።

ያን ዕለት በማን ልናደድ? በአባቴ ተናደድኩ። «ምነው ያኔ ዓሣው ላይ በሞትክ!» አልኩት። ሳሩን አሁንም ጨብጦታል። እጁን ዘርግቶ ሊሰጠኝ ሞከረ። «አይሆንም» አለኝ ቀስ ብሎ፣ ሲመርቀን በሚያወጣው ድምፅ። ያ ድምፅ ምን እንደሚል ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሳሩን አልተቀበልኩትም።