ፕሬፔን ከሰፈሬ ወሰድኩ
ዛሬ እዚሁ ሰፈሬ ፌርፋክስ ላይ ባለው ፋርማሲ፣ ሀበሻ በተሰለፈበት፣ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ!

ትራንስ ሴት ነኝ። ኤች አይ ቪ እንዳይዘኝ በየቀኑ ፕሬፕ የሚባል ክኒን እወስዳለሁ።

ሁለት ዓመት ሙሉ የሀገሬ ሰው እንዳያየኝ ብዬ በባስ ራቅ ያለው ዌስትውድ ድረስ እየሄድኩ ነበር ክኒኑን ፒክ አፕ የማደርገው። (የባሱ ሹፌር ራሱ ሀበሻ ነበር!) ዛሬ ግን በቃኝ አልኩ።

ከኋላዬ የተሰለፉት ጎረቤቴ እትዬ አልማዝ «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» አሉኝ።

«አላመመኝም እትዬ። ኤች አይ ቪ እንዳይዘኝ የምወስደው መድኃኒት ነው» አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝና «ጎሽ ልጄ! ራስሽን ጠብቂ» አሉኝ።

እስከ ዛሬ «አንተ» ሲሉኝ የኖሩት እትዬ «አንቺ» አሉኝ! በደስታ ልበር ምንም አልቀረኝ።

እናንተስ፣ ፈርታችሁ የደበቃችሁትን ስትናገሩ ያልጠበቃችሁት ሰው አብሯችሁ የቆመበት ቀን አለ?