በጠዋት የሄደ የምሥራች

የምሥራች ገና ሳይነጋ፣ በቡድን ሆኖ አይነገርም። ይህ ደንብ በድረ ገጻችን የአሠራር መመሪያ ውስጥ ሰፍሯል፤ አዲስ የሚመጣ በጎ ፈቃደኛ ሁሉ ሲያነበው ይስቃል። ደንቡ የወጣ ቀን ግን የሳቀ አልነበረም።

ድረ ገጹን ያስጀመረኝ ንዴት ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ወደ ክፍሌ ብቅ የሚል ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ "ይህን አየሽ?" ይለኛል። አንድ ቀን የጣና ዓሣ ተመርዟል ይባልና የዓሣ ገበያው ጭር ይላል። ሌላ ቀን የሩቅ አገር ጎርፍ "ዛሬ ጠዋት እዚሁ ከተማችን" ተብሎ ይዞራል። ስበሳጭ ያየ አንድ የኮሌጅ መምህር ጓደኛዬ "ከምትናደጂ ለምን አናጣራውም?" አለኝ። ምሕንድስና የተማረ ዲያቆን ጨመርንና ከሥራ በኋላ ሐይቁ ዳር ካለ ጁስ ቤት እየተገናኘን ገጹን ሠራነው። ማንም ሰው የተጠራጠረውን ወሬ ይልካል፤ ማንኛውም አባል ማስረጃ ይጨምራል፤ ሌሎች አባላት ደግመው ሳያዩት ግን "እውነት" ወይም "ሐሰት" ተብሎ አይወጣም። ደመወዝ የለም፤ አለቃም የለም። ከመራዊም፣ ከእንፍራንዝም፣ ከደልጊም ሰዎች ገቡልን። እኔማ አገሩን ከወሬ የማጸዳው መስሎኝ ነበር።

ከዚያ የጀልባው ወሬ መጣ። "ከደልጊ ሲመጣ የነበረ ጀልባ ጣና ላይ ሰጠመ፤ የተሳፈሩት ካህናት በሙሉ አለቁ" ይላል። የተገለበጠ ጀልባ ፎቶም አለው።

እማማ የምላቸው አከራዬ የደልጊ ሰው ናቸው። ታናሽ ወንድማቸው እዚያው አካባቢ ባለ ደብር መሪጌታ ነበሩ፤ በዚያ ሳምንት በጀልባ እመጣለሁ ብለው ልከውላቸዋል። ስልካቸው ደግሞ አይሠራም።

እማማ ስልክ ላይ የሚዞር ወሬ አያዩም፤ ማንም አልነገራቸውም። ግን ጎረቤቶቻቸው እሳቸው ብቅ ሲሉ ጨዋታ ማቆም ጀመሩ። ዘወትር በአጥር የሚጨቃጨቋቸው ሴትዮ እንኳ ያለ ምክንያት መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። እኛ ዘንድ ሞት የሚደበቀው እንዲህ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ነጠላውን ለብሶ፣ ማለዳ በር አንኳኩቶ ነው የሚያረዳው። እስከዚያ ድረስ ሁሉም "ደህና ነው" ይላል። እማማም ሰው ሲለሰልስላቸው ጊዜ ጠረጠሩ። "ሰዉ ሁሉ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያባብለኝ?" ብለው ጠየቁኝ። "አጣራለሁ" አልኋቸው።

አጣራንም። ዲያቆኑ ፎቶው ከዓመታት በፊት በሌላ አገር ሐይቅ ላይ የተነሣ መሆኑን ደረሰበት። መምህሩ ደልጊ ደውሎ ጀልባው በነፋሱ ምክንያት ጭራሽ እንዳልተነሣ ሰማ። ደልጊ ውስጥ በጤና ሙያ የምትሠራ አባላችን ደግሞ "መሪጌታው ደብራቸው ላይ ናቸው አሉ፤ እዚያ ኔትወርክ የለም" ብላ ጻፈችልን። እንዲህ የተሟላ ማስረጃ አግኝተን አናውቅም። በማግስቱ መምህሩና ዲያቆኑ ከኪዳን ጸሎት ሲመለሱ ወደ እኔ መጡ። የምሥራች ምን ያዘገየዋል? ብርድ ስለነበር እኔም ነጠላዬን ደረብሁና፣ ሦስታችንም ነጭ ለብሰን፣ ገና ሳይነጋ የእማማን በር አንኳኳን።

እማማ ከፈቱ። እኛን አዩ፤ ነጠላችንን አዩ። አፌን ሳልከፍት "ወንድሜን!" ብለው ደረታቸውን መቱ።

"አልሞቱም! እማማ፣ አልሞቱም!" እያልሁ ጮኽሁ። ማን ሊሰማኝ! ጎረቤቱ ሁሉ ያንን ጩኸት ሲጠብቅ ነው ያደረው፤ ግቢው ባንድ አፍታ ሞላና ለቅሶው ቀለጠ። መምህሩ ስልኩን ከፍ አድርጎ ስለ ፎቶው ሊያስረዳ ሲሞክር አንድ ሽማግሌ ትከሻውን ያዝ አድርገው "አይዞህ ልጄ፣ አንተም አልቅስ፤ ይውጣልህ" አሉት። የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን በጋሪ ጭነው ገቡ።

እማማ ፊት ተንበርክኬ ደልጊ ደውለን እንዳጣራን ነገርኋቸው። ለቅሷቸውን ገታ አድርገው አዩኝ።

"አባቴ ያረፉ ጊዜም 'ትንሽ አሟቸው ነው' ነው ያሉኝ። ባሌ የሞተ ጊዜም እንደዚሁ። በስልክ 'ሞቷል' የሚል ሰው የት አይተሽ ታውቂያለሽ ልጄ?"

የትም አላየሁም። ከሥራችን ግማሹ እየደወሉ መጠየቅ ነበር፤ የእኛ ሰው ደግሞ ስለ ሞት ሲጠየቅ የሚዋሸው ለደግነቱ ነው። እኔም ብሆን እዋሻለሁ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን እልኸኛ ነኝ፤ የጀመርሁትን መተው አልወድም።

"እሺ እማማ፣ ምን ባሳይዎት ያምናሉ?" አልኋቸው።

ይህን ጥያቄ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ማንንም ጠይቀን አናውቅም ነበር።

"ራሱ አፉን ከፍቶ የምጠይቀውን ይመልስልኝ" አሉ።

የደልጊዋ አባላችን ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ በእግሯ ወደ ደብሩ ሄደች። እስከ ቀትር ጠበቅን። ድንኳኑ ተተክሏል፤ ንፍሮው ተጥዷል፤ እኔ ስልኬን ጨብጬ እማማ አጠገብ ቁጭ ብያለሁ። በመጨረሻ መሪጌታውን ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ አውጥታ ደወለች። ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

"እታለም! ምን ሆናችሁ ነው?" የሚል ድምፅ መጣ።

ለቅሶው ጸጥ አለ። እማማ ግን "ድምፁን የሚመስል ዘመድ ሞልቷል" አሉና ወደ ስልኩ ተጠጉ። "እስቲ ንገረኝ፤ የእናታችንን የጠላ ጋን የሰበረው ማን ነው?"

"ኧረ በሥላሴ! አንቺ ነሻ! እኔ እኮ በከንቱ ነው የተገረፍሁት!"

"ውሸታም!" ብለው ጮኹ እማማ። "አንተ ነህ የሰበርኸው! ውሸታም!" ካሉ በኋላ ስልኩን እንደ ልጅ ደረታቸው ላይ አቀፉት። "አለ! ወንድሜ አለ!" እልልታው ድንኳኑን ሞላው፤ ለለቅሶ የተቀቀለውን ንፍሮ በሳቅ በላነው።

ከዚያ ወዲህ በገጻችን ላይ ወሬ የሚልክ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው "ምን ቢያዩ ያምናሉ?" ተብሎ ነው። በሰው ነፍስ ጉዳይ "ደህና ነው" የሚል የስልክ ቃል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ዲያቆኑም ለቀልድ "ጋኑን ማን ሰበረው?" የሚል ጥያቄ ገጹ ላይ አወጣ፤ ወንድምና እህት ስለተካካዱ "አልተረጋገጠም" ይላል። እማማ በተገናኘን ቁጥር "ዛሬም አልተረጋገጠም?" እያሉ ይስቁብኛል።

የዚያን ዕለት ግን ሰው ከተበተነ በኋላ እጄን ይዘው እንዲህ ብለውኛል፦ "የእውነቱ ቀን ሲመጣ እንደዛሬው ተሰብስባችሁ በጠዋት አትምጡብኝ። በቀትር፣ ብቻሽን ነይና ንገሪኝ። አንቺስ አትዋሺኝ።" ቃል ገባሁላቸው።

ባለፈው ክረምት ያችው የደልጊ አባላችን ደወለችልኝ። "ሰዎች ምን አሉ?" አላልኋትም፤ "በዓይንሽ ምን አየሽ?" አልኋት። አይታለች። መሪጌታው ሲያርፉ አልጋቸው አጠገብ ነበረች። ዘመዶቻቸው ነገ ማለዳ ተሰብስበው ሊያረዱ ተስማምተዋል፤ እኔንም እስከዚያ ድረስ "ትንሽ አሟቸዋል" በይ አሉኝ። ቃል አለብኝ ብዬ እምቢ አልሁ። ወግ የማታውቅ ተባልሁ፤ ይባል።

በቀትር ብቻዬን ግቢውን አቋርጬ ሄድሁ። እማማ ደጃፋቸው ላይ ጎመን ይቀነጥሱ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። ከኋላዬ ሰው መኖሩን ቃኙ፤ ማንም አልነበረም። ወደ ፀሐይዋም አንጋጠጡ። ከዚያ ጎመኑን ወደ ጎን አድርገው ነጠላቸውን አዘቀዘቁት።

"አርፈዋል፣ እማማ" አልኋቸው።

ሁለታችን ብቻ ብዙ አለቀስን። በመጨረሻ ፊታቸውን ጠረጉና እጄን ያዙኝ።

"ጋኑን የሰበርሁት እኔ ነኝ" አሉ። "እውነት ነው ብለሽ ጻፊው።"