ሪባን የለጠፍኩበት ጭረት

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም፤ የገደፍኩትን ጾም፣ የማልኩትን የውሸት መሐላ፣ በሰው ላይ የተናገርኩትን ክፉ ቃል ሁሉ ዘርዝሬ እዚህች ላይ ስደርስ ዘልዬ አልፋታለሁ። ለምን? ትንሽ ስለሆነች ነው እላለሁ። የመኪና ጭረት ናት፤ ርዝመቷ ስንዝር አይሞላም። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ ስንዝር የማትሞላ ነገር እንዴት ይህን ያህል ዘመን ሰው ጉሮሮ ላይ ትቀራለች?

ቆቦ ውስጥ ቆርቆሮና ሚስማር እሸጣለሁ። ነጯን የቤት መኪና የገዛሁ ጊዜ ያደረገኝን እኔ ነኝ የማውቀው። ማንም እንዲደገፋት አልፈቅድም ነበር። አንዱ ዘንቢሉን ኮፈኗ ላይ ቢያሳርፍ ከሱቄ ወጥቼ እጮህበታለሁ። አቧራውን ጠዋትም ማታም እወለውላለሁ። ሰፈሩ "ሙሽራይቱ እንዴት አደረች?" እያለ ይቀልድብኝ ነበር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ጠንቃቃ ሰው መባል እወድ ነበር። ነገሩ የጀመረው ከዚህ ነው።

ሁሴን ጎረቤቴ ነው፤ አብረን ነው ያደግነው። ሹፌር ነው። የራሱ መኪና ኖሮት አያውቅም፣ የሰው ይነዳል፤ ያን ጊዜ አነዳዱን የሚያማ አንድ ሰው አልነበረም። እህቱ ለዋጃ ሰው ስትዳር ሙሽሪትን የሚወስድበት መኪና ጠየቀኝ። ለሌላ ሰው አላደርገውም፤ ለሁሴን ግን እሺ አልኩ።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ሚስቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር፤ ግቢው ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ። መኪናዋን ለማሳጠብ ወደ ኋላ ሳስወጣ የኋላ በሯን ከግቢዬ በር መቃን ጋር አላተምኳት። እኔ ነኝ። የቸኮልኩም እኔ፣ መስታወት ያላየሁም እኔ። ወርጄ ሳይ ነጩ ቀለም ተልጧል፤ በቦታው የግቢዬ በር አረንጓዴ ቀለም ተለጥፏል። በእጄ ባሸው አልለቅ አለኝ። ምን ነበረበት ያኔ "ሁሴን፣ ዛሬስ እኔው ጫርኳት" ብል? ይስቅብኝ ነበር፤ ሰፈሩም ይስቅብኝ ነበር፤ ከዚያ ይረሳ ነበር። እኔ ግን መሳቂያ መሆንን ፈራሁ። ለሠርጉ የተገዛ ቀይ ሪባን ነበረ። በመኪናዋ በሁለቱም ጎን አግድም ዘረጋሁና በፕላስተር ለጠፍኩት። ማስጌጤ ነው ብዬ ራሴን ዋሸሁ። ሁሴን መጥቶ ሲያይ "አንተው አስጌጥካት? አላህ ይስጥህ!" ብሎ አቀፈኝ። እኔም አቀፍኩት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መኪናዋን መለሰ። የሰፈሩ ሰው ደጃፌ ላይ ተሰብስቦ ስለ ሠርጉ ይጠይቀዋል። እሱ የሰው ዕቃ እንደተቀበለው ካልመለሰ አይሆንለትም፤ ሪባኑን ራሱ ያነሳ ጀመር። "ተወው፣ እኔ አነሳዋለሁ" ልል አሰብኩ። ይጠረጥረኛል ብዬ ተውኩት። የኋላው በር ላይ ሲደርስ ሪባኑ ተላቀቀና ጭረቷ ወጣች። ሁሴን ቀጥ አለ። ጣቱን አስኬደባት። "ወላሂ አላወቅሁም፤ ዋጃ ላይ አንዱን በር ነክቼ ይሆን?" አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ ግን፣ የግቢዬ በር መቃን ላይ የቀረውን የግጭቱን ምልክት በጀርባዬ ሸፍኜ ቆሜ፣ ፀጥ አልኩ። ሪባኑ እጁ ላይ ነበር፤ ሙሉ ነው፣ አልተቀደደም። ሪባኑ ሳይቀደድ ከሥሩ ያለው ቀለም እንዴት ይላጣል ብሎ የጠየቀ የለም። ሁሴን እንኳ አልጠየቀም፤ ቢጠይቅ እኔን መጠርጠር ነበረበት።

"ነገ ቀለም ቀቢው ጋ እወስዳታለሁ። እንደነበረች አደርጋታለሁ። አፉ በለኝ" አለ። ቀለም ቀቢው! የግቢዬን በር የቀባው ያው ሰውዬ ነው፤ ራሱ የበጠበጠውን አረንጓዴ አይስተውም። ይህን ሳስብ ነው አንደበቴ የተፈታው። "ተው ሁሴን፣ ለጭረት ብዬ ካንተ ጋር? አትሠራም፣ እንዲሁ ትቅር። አፉ ብዬሃለሁ" አልኩ። ትልልቆቹ መረቁኝ። ያቺን መኪና እንደዚያ የሚወድ ሰው እንዴት ሆዱ ሰፋ ተባለ። አያችሁ የሠራሁትን? የገዛ ጥፋቴን ለሌላ ሰው ሰጥቼ፣ መልሼ ይቅር አልኩት። በማግስቱ የግቢዬን በር ሰማያዊ ቀባሁት፣ በራሴ እጅ።

ከዚያ ወሬው ሄደ። የኔ ደግነት በተወራበት ሁሉ የሁሴን ጥፋት አብሮ ተወራ፤ አንዱን ሳይነግሩ ሌላውን መንገር አይቻልማ። ጎብዬ ያለ አንድ ባለ ሚኒባስ አዲሱን መኪናውን እንዲነዳው ሊሰጠው ቃል ገብቶለት ነበር፤ ለሌላ ሹፌር ሰጠው። "ሙሽራ ጭኖ እንኳ ካልተጠነቀቀ" አለ አሉ። ሁሴን ዛሬ የሰው ባጃጅ ነው የሚነዳው። ጠዋት ሲረከብ ዙሪያዋን እየዞረ በጣቱ ይዳስሳታል፤ ሲመልስም እንደገና ይዳስሳታል። ድሮ እንዲህ አያደርግም ነበር። እኔስ? እኔን ሽማግሌ አደረጉኝ። ሰው በተጣላ ቁጥር ይጠሩኛል፤ "ያን ጭረት አፉ ያለ ሰው" ብለው ከፊት ያስቀምጡኛል፤ እኔም ተኮፍሼ ስለ ይቅርታ አወራለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

አሁን መኪናዋን ልሸጥ ነው። ገዢው ወዷታል፤ ያቺን ጭረት ብቻ አሠርተህ ስጠኝ አለ። የድሮው ቀለም ቀቢ ከቆቦ ከወጣ ቆይቷል። አዲሱ ስለ አረንጓዴው ምንም አያውቅም፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ ስቱኮ ሞልቶ ይቀባዋል፤ አበቃ። ቁልፉን ይዤ ወጣሁ፣ ተመለስኩ፤ ደግሞ ወጣሁ፣ ደግሞ ተመለስኩ። ባሠራት ማን ያውቅብኛል? ያለችኝ ምስክር እሷ ብቻ ናት። እሷን በቀለም ቀብሬ ይህን ታሪክ ለመናገር ወኔ የማገኝ ይመስላችኋል? አላገኝም፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

ይህን ሳወጣና ሳወርድ ትናንት ሁሴን ሰምቶ መጣ። "ያቺ ጭረት የኔ ናት። ያኔ ከለከልከኝ፤ አሁን ግን እኔ ነኝ የማሠራት። ዓርብ ከጁምዓ መልስ እመጣለሁ" አለኝ። ዓይኑን ማየት አቃተኝ። እሺ አልኩት። ነገ ዓርብ ነው።

ያን የኋላ በር ከሠርጉ ወዲህ ወልውዬው አላውቅም ነበር። ዛሬ ጨርቅ ላምባ ነክሬ ጠረግኩት፤ አቧራው ሲለቅ አረንጓዴው ወጣ። ከግቢው በር መቃንም ላይ ሰማያዊውን ትንሽ ፋቅሁ፤ ከሥሩ ያው አረንጓዴ ነው። ያኔ ደጃፌ ላይ የነበሩትን ሰዎች ነገ እንዲመጡ ለምኛለሁ፤ የማስታርቀው ሰው ያለ መስሏቸዋል። በፊታቸው እናገራለሁ። የጫርኳት እኔ ነኝ፣ ሪባኑን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ስሜ ይሄዳል፤ ይሂድ። የሁሴን ሚኒባስ ግን አይመለስም። ይህን ስጽፍም ፈሪ እንደሆንኩ ነኝ።

አንድ ነገር ብቻ አላደርግም። "አፉ በለኝ" አልለውም። ሁሴንን አውቀዋለሁ፤ ሰው ፊት ከጠየቅሁት፣ የወሰድኩበትን እንኳ ሳያስብ፣ እዚያው "አፉ ብዬሃለሁ" ይለኛል።